ካርስዌል ያልሠራው ማዘጋጃ ቤት

ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ያላደረበትን ቤት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለምን ይሥላል? እሑድ ጠዋት የጋሽ ሠረቀብርሃን አስከሬን አጠገብ ቆሜ የማስበው ይህን ነበር። ማሰብ የነበረብኝ ግን ሌላ ነው፤ ማን ገደላቸው፣ መቼ ገደላቸው።

አፓርታማቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የሕንፃው ማናጀር በራሱ ቁልፍ ከፍቶ የገባው፣ ታች ያለው ተከራይ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል ብሎ ስለጮኸ ነው። ኤሲው በረዶ ሠርቶ ውሃ ያፈስ ነበር። ውጭ የነሐሴ ሙቀት አስፋልቱን ያለሰልሳል፤ ቤቱ ውስጥ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የቆምኩት።

"ስድሳ ፋራናይት ላይ ነው ያለው" አለች ቲና፣ የኤሲውን መቆጣጠሪያ በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳየችኝ። "ሁ ሊቭስ ላይክ ዚስ?"

ቲና የሥራ ባልደረባዬ ናት። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

ጋሽ ሠረቀ የሥዕል ጠረጴዛቸው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ የደረቀ ደም አለ። ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የበለዘ የጣት ምልክት ይታያል፤ ሰው ጨብጦ ነቅንቋቸዋል። ሥዕል የሚይዙበት የካርቶን ቱቦ ተቀዶ ባዶውን ተጥሏል። ስልካቸው የለም።

ግድግዳው ሁሉ ቤት ነው። ሂው ካርስዌል የሚባል፣ በፈረንጅ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የስኮትላንድ አርክቴክት የሠራቸው ሕንፃዎች ሥዕል። የባላባት የገጠር ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል። በጠቅላላው አርባ ናቸው፤ ግማሾቹ ዛሬ ፈርሰዋል። ጋሽ ሠረቀ በወጣትነታቸው ኤዲንብራ አርክቴክቸር ተማሩ። ሲጨርሱ አብዮቱ መጣ፤ ወደ አገር መመለስ ቀረ። እዚህ መጥተው ሠላሳ ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆረጡ። አንድም ሕንፃ ሳይሠሩ የሌላውን ሰው ሕንፃዎች በድሮው አሣሣል፣ በቀለምና በብሩሽ፣ ደጋግመው ሣሉ።

"ታውቃቸው ነበር?" አለችኝ ቲና።

"አውቃቸው ነበር።"

ለአለቃችንም ይህንኑ ተናገርኩ። አማርኛ የሚችል ሌላ መርማሪ የለኝም፤ ቀጥል አለኝ። ያልተናገርኩት አለ። እኔንም ኤዲንብራ ያስላኩኝ እሳቸው ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውልኝ ሁለት ዓመት የሕንፃ ታሪክ ተምሬ፣ ጥዬው ተመልሼ ፖሊስ ሆንኩ። ለምን እንደ ተውኩት ዛሬም አጥርቼ አላውቅም። እሳቸው ግን አልተውኝም። በየማለዳው በስልክ አንድ ሥዕል ይልኩልኛል። ቃል የለበትም፤ ሕንፃ ብቻ። አርባው ሲያልቅ እንደገና ከአንዱ ይጀምራሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልመለስኩላቸውም። ስልኬ ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ ስላደረግሁት፣ የሚታየኝ ጭጋግ የመሰለ ካሬ ብቻ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ለቲና አሳየኋት። "ዓርብ ማለዳ ልከዋል። ቅዳሜ ማለዳም። ዛሬ የለም።"

"ኦኬ። ሶ ቅዳሜ ጠዋት በሕይወት ነበሩ።"

አስከሬን መርማሪው፣ በዚህ ብርድ ሰዓቱን መገመት ያስቸግራል፣ ከመልእክቶቹ ጋር ከሄድን ቅዳሜ ቀን ማለት እንችላለን አለ። እንደዚያ ጻፍን።

ጠረጴዛው ላይ ከአንድ የጨረታ ካታሎግ የታተመ ገጽ አገኘሁ። "ካርስዌል በ1861 በእጁ የሣለው" ተብሎ ለሽያጭ የቀረበ የገጠር ቤት ሥዕል ነው። አንዱን መስኮት በእርሳስ ከበውታል። አጎንብሼ አየሁት። ከቀለም ነጥብ በቀር ምንም አልታየኝም። ፎቶ አንሥቼ ወረቀቱን ከማስረጃው ጋር አስቀመጥኩት።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ፖሊሱን እየገፉ ነበር። አቶ በፈቃዱ ናቸው፣ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ ባለታክሲ፣ የጋሽ ሠረቀ የአርባ ዓመት ጓደኛ።

"አረጋሽ እንዳትሰማ!" አሉኝ፣ ገና እንዳዩኝ። "ልጄ፣ በእናትህ! እህቱ እንዳትሰማ!"

እትዬ አረጋሽ የጋሽ ሠረቀ ታላቅ እህት ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዓርብ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተዋል።

"እስከ ሮብ ታገሡኝ። ማክሰኞ ቤቷ ትገባለች፤ ሮብ ጠዋት ሰው ሰብስበን እናረዳታለን። አሁን ከሰማች ትሞትብናለች።"

ቃል ገባሁላቸው። ሲሄዱ ቲና ዓይኗን አጥብባ አየችኝ።

"ኪዳን፣ እንዴት ሞተ ብለው አልጠየቁም። ዛት ኢዝ ዊርድ።"

"እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ይስማ፣ ማን አይስማ የሚለው ነው።"

"እኛ ዘንድ" አለች፣ እየሳቀች። "ሚ ቱ፣ አይደል?"

*

የሕንፃው መግቢያ ካሜራ የሁለት ቀን ምስል ብቻ ነው የሚይዘው። እሑድ የወሰድነውን፣ ከዓርብ ረፋድ ጀምሮ ያለውን ሰኞ ጠዋት ተቀምጠን አየን። ወደ ጋሽ ሠረቀ ፎቅ የወጣ እንግዳ አንድ ሰው ብቻ ነው። የወይንሐረግ፣ ሳምንት ሁለት ቀን ምግብ የምትሠራላቸው ሴት፣ ዓርብ ረፋድ ፌስታል ይዛ ገብታ በስድስት ደቂቃ ወጣች። እሑድ በስልክ ስጠይቃት፣ በዚህ ሳምንት አልሄድኩም ብላኝ ነበር።

ታኮማ ፓርክ፣ ከሦስት ሴቶች ጋር በምትጋራው ቤት በር ላይ አገኘናት። ካሜራውን ስነግራት እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ለምን ዋሸሽኝ እህቴ?"

"ወረቀት የለኝማ! 'ፖሊስ ነኝ' ብለህ ስትደውል ምን ልበልህ? እንኳን ደህና መጣህ ልበል?"

"ገብተሽ ምን አደረግሽ?"

"መች ገባሁ! አንኳኳሁ፣ ዝም። ቁልፌን ከተትኩ፤ የታችኛው ዞረ፣ የላይኛው ተቆልፏል። የላይኛውን ቁልፍ እኔ የለኝም።"

"ማን አለው?"

"ጋሽ በፈቃዱ ነዋ። ሌላ ማን አላቸው? ዶሮ ወጡን ይዤ ተመለስኩ፤ እነዚህ በሉት" አለች፣ ወደ ቤቱ ውስጥ በአገጯ እያሳየች።

"ኤሲውን እንደዚያ የሚያቀዘቅዙት ሁልጊዜ ነው?"

ቀና ብላ አየችኝ። "ጋሽ ሠረቀ? ኤሲ? እንዴ! በነሐሴ ሹራብ የሚለብሱ ሰውዬ! እኔ ነኝ ላብ በላብ ሆኜ ትንሽ ክፈቱት ብዬ የምለምነው። 'ስኮትላንድ ለዕድሜዬ የሚበቃ ብርድ ሰጥታኛለች' ነበር የሚሉኝ።"

መኪና ውስጥ ገባን።

"ካሜራው ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት" አለች ቲና። "ጁሪ ይህን ነው የሚያየው።"

"የጓሮ በር አለ።"

"አውቃለሁ። ግን ታይምላይኑ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።"

*

ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ ወረድን። ሊባኖስ ኪንግ ስትሪት ላይ የሥዕል ፍሬም ሱቅ አለው፤ አሮጌ ሥዕልና ካርታም ይሸጣል። በጋሽ ሠረቀ ካላንደር ላይ ስሙ በየወሩ ተጽፏል። ጢሙን ያሳመረ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው።

"ኤግዚቢሽን እያዘጋጀሁላቸው ነበር" አለን። "እንደዚያ ያለ እጅ ዛሬ የለም። ሰው አላወቃቸውም።"

"ስንት ሥዕል አለህ?"

"አሥራ ሁለት። ፍሬም ላደርጋቸው ነበር።"

ቲና ማስታወሻዋን ገለጠች። "ዓርብና ቅዳሜ የት ነበርክ?"

"ዓርብና ቅዳሜ?" አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲለቀቅ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። "ሲያትል። የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ዓርብ ማለዳ በረርኩ፣ ትናንት ማታ ገባሁ። ፎቶ ላሳያችሁ።"

አሳየን። ኬክ ሲቆረስ አጠገብ ቆሟል። አየር መንገዱም አረጋገጠ።

"ክሊን" አለች ቲና፣ ሱቁን ለቀን ስንወጣ። "ሱቁም፣ ሰውየውም።"

*

ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ምሳ ነው እራት ያልለየለት ነገር እየበላሁ ስልኬን አነሣሁና በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓርቡን ሥዕል ከፈትኩት።

ሥዕል አልነበረም። ፎቶግራፍ ነው። ረጅም የሰዓት ግንብ ያለው የኪልብራን ማዘጋጃ ቤት። ደረጃው ጥግ ላይ ቀይ የጀርባ ቦርሳ ተቀምጧል።

ቦርሳው የእኔ ነው።

ኤዲንብራ በገባሁ በሦስተኛው ወር ባቡር ተሳፍሬ፣ በዝናብ ሄጄ፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ። የካርስዌል ትልቁ ሥራ ነው ይላሉ መጻሕፍቱ ሁሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ከፊትና ከኋላ አንሥቼ ላክሁላቸው። የመለሱልኝ ሦስት ቃል ነው፤ "ያ የካርስዌል አይደለም።" የሠራው ረዳቱ ነው፣ ካርስዌል ፈረመበት እንጂ አልነካውም ባይ ናቸው። ስለዚያ ግንብ ሃምሳ ዓመት ከመጽሐፍ ጋር ተጣልተዋል። ከአርባው ውስጥ የለም። ሣሉት አይባልም፤ ለሰው ይልኩታልም አይባልም።

የቅዳሜውን ከፈትኩ። ያው ግንብ፣ ከኋላ።

እሑድ የመልእክቶቹን ሰዓት አይቼ ሥዕሎቹን አላየሁም። አራት ዓመት የለመድኩትን ነው ያደረግሁት። እነዚያን የላካቸው ጋሽ ሠረቀ አይደሉም። ታዲያ ዓርብ ማለዳ በሕይወት ነበሩ ያለው ማነው?

ወደ ሐሙሱ ወረድኩ፤ የሐሙሱ የእሳቸው ነው። ወደ ረቡዕ፣ ወደ ማክሰኞ፣ ወደ ባለፈው ወር። ሥዕሎቹን እያሰፋሁ ሳይ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣ። በእያንዳንዱ ቤት፣ በአንዱ መስኮት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሴት ቆማለች። ነጠላ ለብሳለች። በፍርድ ቤቱም፣ በሆስፒታሉም አለች።

የካታሎጉን ገጽ ፎቶ አወጣሁና በእርሳስ የተከበበውን መስኮት አሰፋሁት። በ1861 የስኮትላንድ ቤት መስኮት ላይ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት።

ቲናን ደወልኩላት። "ሊባኖስ ሥዕሎቻቸውን የካርስዌል ናቸው እያለ ነው የሚሸጠው። መስኮቱ ላይ የሚሥሏትን ሴት አላያትም። ጋሽ ሠረቀ አይተዋታል።"

"ሲያትል ነበር እኮ፣ ኪዳን!"

"ዓርብ ነው የበረረው። ሐሙስ የት ነበር ብለን ጠይቀነዋል?"

"ኖ" አለች። "ዌይት። ታዲያ ቴክስቱን ማን ላከው?"

*

ማክሰኞ ጠዋት አቶ በፈቃዱን ታክሲያቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ከፊት ወንበር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስልኬን ከፍቼ ግንቡን አሳየኋቸው።

"ለምን ይህን መረጡ?"

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ረጅም ግንብ አለው" አሉ። "ያምራል ብዬ። እሱ ስለ ሕንፃ ሲጀምረኝ ሁልጊዜ እንቅልፌ ይመጣል። ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ።"

"መቼ አገኟቸው?"

"ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል። ላረጋሽ እንጸልያለን ተባብለን ነበር። ከፍቼ ስገባ ሰውነቱ በርዷል። ወድቆ መስሎኝ ልጄ! እግሩ ደካማ ነው፣ ወድቆ ነው አልኩ። በማግስቱ ልቧን ሊከፍቷት! ምን ብዬ ልንገራት? በየማለዳው ሥዕል ካልደረሳት ደግሞ ትጠይቃለች። ስልኩን ወሰድኩ። ቁልፉን አውቀዋለሁ፣ ስልክ መጠቀም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሑድ ገና ሳልልክ ማናጀሩ ደወለልኝ።"

"ኤሲውንስ?"

"እንዳይበላሽብኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ብርድ አይወድም ነበር። እያወቅሁ አበረድኩት።"

"እሑድ ሰው እንደ ገደላቸው ሲሰሙ ለምን አልተናገሩም?"

"ከተናገርኩ ወሬ ይሆናል። ወሬ ከሆነ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ሆስፒታል የሚጠይቋት ሴቶች ሁሉ ስልክ ይዘው ነው የሚገቡት። እስከ ሮብ ነበር የምለምንህ።"

"ጋሼ፣ በእርስዎ ዝምታ አንዲት ሴት ልትታሰር ነበር። ገዳዩም የሠርግ ፎቶ እያሳየን ነው።"

አሁን ወደኔ ዞሩ። የመኪናውን ኪስ ከፍተው በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ሰጡኝ።

"ዓርብ ከላክሁ በኋላ አንድ ጊዜ ጮኸ። ቶሎ አጠፋሁት።"

"አላዩትም?"

"የሰው ደብዳቤ አንብቤ አላውቅም።"

"በስማቸው እየላኩ?"

"መላክ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ" አሉ፣ ቆጣ ብለው።

*

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው መኪና ማቆሚያ የሊባኖስን ታርጋ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዝግቦታል። ከሱቁ ጓዳ ከቱቦው የተቀደደው ቁራጭና ስድስት ሥዕል ተገኘ። አንዱ ላይ መስኮቱ መፋቅ ተጀምሯል።

ለብቻው ስናስቀምጠው ብዙም አልተሟገተም።

"ሥዕሎቼን መልስ አሉኝ። ሴትዮዋን አሳዩኝ። እየሳቁ ነበር እኮ፣ 'አንተ ልጅ፣ እህቴን ነው የሸጥካት' እያሉ። ለጨረታው ሰዎች እደውላለሁ ሲሉኝ ያዝኳቸው። ገፋሁ። ወደቁ። ቱቦው ውስጥ የነበሩትን ሥዕሎች መንጭቄ ሮጥኩ።"

"አምቡላንስ አልጠራህም።"

"አልጠራሁም። ሠርጉ ላይ እየጨፈርኩ በሩን ሰብረው ሲገቡ ነበር የሚታየኝ። እናንተ ዓርብና ቅዳሜ ስትሉኝ..." ቀና ብሎ አየኝ። "ተነሥተው ነበር ማለት ነው አልኩ። ተነሥተው ሁለት ቀን ኖረዋል፣ ሌላ ሰው ነው የገደላቸው። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ቲና ጠበቀችኝ።

"የወይንሐረግን ደወልኩላት፤ ክሊር ነሽ አልኳት። አለቀሰችብኝ። ፕሬስ ሪሊዙን ደግሞ ሆልድ አስደርጌዋለሁ፣ እስከ ነገ ስምንት ኤኤም። አለቃችን ለምን ሲለኝ ከልቸራል ነው አልኩት።" ትከሻዋን ሰበቀች። "ሂድና ቶሎ ንገሯቸው።"

*

ሮብ ንጋት ላይ ጌይተርስበርግ፣ እትዬ አረጋሽ ቤት በር ላይ ስምንት ሰው ሆነን ቆምን። ቄሱ፣ አቶ በፈቃዱ፣ ጎረቤቶች፣ አንዲት ነርስ ከነቦርሳዋ። ሁላችንም ጥቁር ለብሰን ጫማችንን እያየን ነበር። ልጃቸው ከፈተችልን።

እትዬ አረጋሽ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ቄሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን አነሡ።

"ተቀመጡ። እኔ ዓርብ ተረድቻለሁ።"

ማንም አልተቀመጠም።

"ማን ነገረዎት?" አሉ አቶ በፈቃዱ።

"አንተ ነህ እንጂ! ያንን ግንብ የላክህልኝ።" ቁጣ የለባቸውም። "ሠረቀ እሱን ከሚልክልኝ እጁን ይቆርጣል።"

"ታዲያ... አውቀው ነው ቀዶ ጥገና የገቡት?"

"አውቄ።"

"ለምን አልነገሩንም እትዬ?"

"ስንት ለፍታችሁ ነው የደበቃችሁኝ። ልፋታችሁን ላፍርስ?"

አቶ በፈቃዱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እትዬ አረጋሽ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ስፌቱ እንዳይከፈት እየተጠነቀቁ፣ ቀስ ብለው አለቀሱ።

ለቅሶው ሲበርድ እኔን ጠሩኝ። የዕድሜ ልክ ጥያቄዬ እንደሆነ የሚያውቁ ይመስል ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

"በደርግ ጊዜ ሰባት ዓመት ታሰርኩ። ደብዳቤ አያስገቡም። የድንጋይ ቤት ሥዕል ግን ምን ይናገራል ብለው ዝም ይሉታል። እሱ ኤዲንብራ ሆኖ የሚያየውን ቤት እየሣለ ይልካል፤ መስኮቱ ላይ እኔን ያቆመኛል። ሴቶቹ ተሰብስበው ዛሬ የት አለሽ እያሉ ይፈልጉኝ ነበር። አለሁ ማለቱ ነው። አለሽ ማለቱም ነው። ከተፈታሁ በኋላም አልተወውም።" እጄን ያዙ። "ላንተም ይልክልህ ነበር አይደል? ልጁ አይመልስም ይለኝ ነበር። ቢሆንም ያያል ይለኛል።"

ያያል።

"ዓርብ ጠይቄው ነበር" አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "በጽሑፍ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።"

*

ስልኩ ተመርምሮ ሪፖርቱ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። በየማለዳው የሚላከው ለሁለት ሰው ብቻ ነበር። የእኔ ስም ያለበት ገጽ አንድ ሺሕ አራት መቶ ምናምን ሥዕል አለው፤ ከእኔ በኩል አንድም ቃል የለም። ገለጥኩት። ቀጥሎ የእትዬ አረጋሽ ነው። ዓርብ፣ 6:14 ኤኤም። ያልተነበበ።

"ሠረቀ፣ ይሄ ያ ሰውዬው ያልሠራው ነው። አንተ ነህ? አንተ ከሆንክ አንድ ሌላ ላክልኝ፣ መስኮት ያለው። ሊያስገቡኝ ነው፤ ስልኩን እስኪወስዱብኝ በእጄ ይዤዋለሁ።"

ከሥሩ የቅዳሜው ግንብ አለ፣ ከኋላ የተነሣው። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው።